የሳሙና ውኃ፣ ፍሊት ወይስ ችቦ? በጎጃም ቤቶች ለተርብ ጎጆ የሚሞከሩ ነገሮች ሲመዘኑ

ከክፍክፉ ሥር፣ ከቆርቆሮው ማገር ላይ ወይም ከሽንት ቤቱ በር በላይ ተርብ ቤቱን ሠርቶ ሲገኝ የገጠሩ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ችቦ ነው፤ የከተማው ደግሞ ሱቅ ሮጦ ፍሊት ይገዛል። ሁለቱም ሥራውን ይጀምሩታል እንጂ አይጨርሱትም። እዚህ የምንመዝነው ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በሱቅ፣ በግብርና ግብዓት መሸጫና በገበያ የሚገኙትን ነው፦ በቆርቆሮ የሚመጣውን ፍሊት፣ በእጅ እየታመቀ የሚረጭ ባለ 2 ሊትር መርጫን ከሳሙና ውኃ ጋር፣ የእርሻ ኬሚካሉን፣ ዱቄቱን፣ ጭሱንና እሳቱን፣ በመጨረሻም ተከፍሎት የሚመጣውን ሰው። ፍርዱን ከወዲሁ ለሚፈልግ፦ መርጫውና ፈሳሽ ሳሙናው ሁሉንም ይበልጣሉ። ምክንያቱ መርጫው የተለየ ዕቃ ስለሆነ አይደለም፤ የተርባችን ቤት አሠራር ነው።

ቤታችን ላይ የሚንጠለጠለው ተርብ ወገበ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ነው። ያረጀ እንጨት ፍቆ፣ በምራቁ ለውሶ፣ ወረቀት የመሰለ ግራጫ ነገር ይሠራል። ጎጆው በአንዲት ቀጭን ማንጠልጠያ ከጣራው ላይ ይያያዛል፤ ክፍሎቹ ባለ 6 ጎን ናቸው፣ አፋቸውም ወደ ታች ነው። ዋናው ነገር ታዲያ ሽፋን የለውም። እንቁላሉም፣ ትሉም፣ በላዩ የሰፈረው ተርብም ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ወለል ብሎ ይታያል። በውጭ አገር ቪዲዮ የምናየው፣ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ጎጆ የሌላ ዝርያ ሥራ ነው፤ ለእርሱ የተነገረው ምክር ለእኛ ክፍክፍ ብዙም አይሆንም። የተገለጠ ጎጆ ፈሳሽ በቀጥታ የሚደርስበት ጎጆ ነው፤ ሳሙናም የሚፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው።

ተርብ የሚተነፍሰው በአፉ አይደለም፤ በጎኑ በተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ገላው ሰም የተቀባ ያህል ስለሆነ ንጹሕ ውኃ ቢረጩበት ተንከባሎ ይወርዳል። ሳሙና ሲጨመርበት ግን ውኃው ገላው ላይ ይለጠፋል፣ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ያፍነዋል፣ ክንፉንም ያጣብቃል። ክንፉ የራሰ ተርብ ወደ ፊታችሁ መምጣት አይችልም፤ እዚያው ሥሩ ይወድቃል። ፍሊትን የሚበልጠው በዚህ ነው።

ልኩ ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 3 የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ከዚያ ካነሰ ውኃው ይንሸራተታል፤ ከበዛ ደግሞ አረፋ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። በእንጨት ቀስ ብሎ ማማሰል እንጂ መናጥ አይገባም፤ የተናጠ አረፋ መርጫው ውስጥ ሲገባ ግፊቱን ይበላዋል፣ ከጫፉም ፈሳሽ ሳይሆን ትፍትፍታ ይወጣል። የዱቄት ሳሙና ያላችሁ ከሆነ በፈላ ውኃ አሟሙታችሁ፣ ቀዝቅዞ በነጠላ ጨርቅ ማጥለል ግድ ነው፤ ሳይሟሟ የቀረ ፍሬ የመርጫውን ጫፍ የሚደፍነው ሁልጊዜ ጎጆው ፊት ቆማችሁ ሳለ ነው። የልብስ ሳሙና ፍቆ መጠቀምም ይቻላል፤ የጉድጓድ ውኃ ግን ከእርሱ ጋር ስለሚረጋ ወተት መስሎ ይቋጥራል፣ ያም ይደፍናል። በረኪና፣ ላምባ፣ ቤንዚን አትጨምሩ። ሳሙናው ብቻውን ይበቃል።

መርጫው ስለሚገዛበት ጉዳይ ጥቂት እንበል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። መስታወት ማጽጃ የሚመጣበት፣ በጣት የሚጫኑት ጠርሙስ አይሆንም፤ ከ1 ሜትር ብዙ አያልፍም፣ በየጭነቱ መሐልም ፋታ ይሰጣል። የሚያስፈልገው ከላይ በእጅ አየር የሚታመቅበት፣ አንዴ ከተጫኑት ሳይቋረጥ የሚፈስ፣ ጫፉ እየዞረ ከጉም ወደ ቀጭን ጅረት የሚለወጥ ነው። ሱቁ ውስጥ ውኃ አስሞልታችሁ ሞክሩት፦ ጅረት አድርጋችሁ 3 ሜትር ካልመታ አትውሰዱት። ጫፉ ከነሐስ የሆነው ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ የፕላስቲኩ ጠመዝማዛ ቶሎ ይላላና ውኃው ወደ እጅ ይመለሳል። ክዳኑ ላይ ትርፍ አየር የሚያስተነፍስ ቁልፍ መኖሩንም እዩ፤ የሌለው ሲታመቅ ውሎ ክዳኑን ሲፈቱት ይፈናጠራል። አየር ማመቂያው ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ከደረቀች ግፊት አይይዝም። ሁለት ጠብታ የምግብ ዘይት ያድናታል። ፀረ-አረም የገባበትን መርጫ ለዚህ አታውሉ፤ ምንም ያህል ቢታጠብ የቀረው በረንዳ ላይ ያለውን አበባና ጌሾ ያደርቃል።

አሁን ወደ ሥራው። ሰዓቱ ግማሽ ሥራ ነው። ቀን ላይ ግማሾቹ ተርቦች ለአደን ወጥተዋል፤ ያሉትም ፀሐይ ሞቋቸው ንቁ ናቸው። ደንገዝገዝ ሲል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ሁሉም ጎጆው ላይ ይሰፍራሉ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚያ ከሁሉ የሚሻለው ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ብርዱ ስለሚያደነዝዛቸው ጎጆው ላይ ተለጥፈው ያድራሉ። ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ያለችው ባሕር ዳርና የዓባይ በረሃ ዳር ያሉት ቆላዎች ግን ይህን ዕድል አይሰጡም፤ ሌሊቱ ስለሚሞቅ ቶሎ ይነሣሉ፣ ርጭቱም ያለ ፋታ መሆን አለበት።

መብራት ላይ ተጠንቀቁ። በባትሪ ብርሃን ጎጆውን ካበራችሁ የተነሣው ተርብ ሁሉ ብርሃኑን ተከትሎ ወደ ያዘው እጅ ይመጣል፤ ግንባር ላይ የታሰረ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ወደ ግንባር። ተርብ ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማያይ የባትሪውን አፍ በቀይ ፌስታል ሁለት እጥፍ ሸፍኑት፣ ወይም ባትሪውን ከእናንተ 3 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። የበረንዳው አምፖል ይጥፋ።

ልብስ፦ የንብ አናቢ ሙሉ ልብስ ከጎረቤት የሚገኝ ከሆነ እርሱን መዋስ ነው። ካልሆነ ወፍራም ሱሪ ካልሲ ውስጥ ገብቶ፣ እጅጌ ረጅም ጃኬት፣ ጓንት፣ የተዘጋ ጫማ። ጋቢ ተከናንቦ መግባት የተለመደ ነው፤ ከሁሉ የከፋውም እርሱ ነው። እጥፋቱ ውስጥ የገባ ተርብ መውጫ ያጣል፣ ጋቢውም ከገላ ጋር ይጫነዋል፤ ተርብ ደግሞ እንደ ንብ መውጊያውን ነቅሎ የሚተው አይደለም፣ አንዱ ብቻውን አራት አምስት ጊዜ ይወጋል። ባዶ እግርና ነጠላ ጫማም አይሆኑም፦ የራሱት መሬት ላይ ሆነው ገና መውጋት ይችላሉ።

መርጫውን ሦስት አራተኛ ብቻ ሙሉት፤ የቀረው ቦታ የአየሩ ነው። እስኪጠጥር አምቁት። ግድግዳ ላይ አንዴ ሞክራችሁ ጅረቱን አስተካክሉ። ከጎጆው ትክክል ሥር ሳይሆን ወደ ጎን 2 ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ፣ ነፋስ ከጀርባችሁ ሆኖ ቁሙ፤ በስተኋላችሁ በሩ ክፍት፣ መንገዱ ከወንበርና ከባልዲ የጸዳ ይሁን። መጀመሪያ ማንጠልጠያውን ሳይሆን ተርቦቹ የሰፈሩበትን ፊት ምቱ። ጣት ሳታነሡ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ። የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ወሳኝ ናቸው፤ በዚያ ጊዜ ያልራሰው ይነሣል፣ ለዚህ ነው ቁጥብ ቁጥብ እያሉ መርጨት የሚያስነድፈው። የእጅ መዳፍ የሚያህል ጎጆ ግማሽ ሊትር ይበቃዋል፤ የትንሽ ሰፌድ ያህል ለሆነው መርጫው የያዘው ሁሉ ያስፈልጋል። ሲያልቅ ሳትሮጡ ግቡና በሩን ዝጉ።

ሥራው ያለቀ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ አላለቀም። ጎጆው ውስጥ በነጭ ክዳን የተዘጉ ክፍሎች አሉ። በውስጣቸው ክንፍ ሊያወጣ የደረሰ ተርብ አለ፤ ሳሙናም ሆነ ፍሊት ክዳኑን አልፎ አይደርስበትም። ጎጆውን እዚያው ከተዋችሁት በቀናት ውስጥ አዲስ ተርብ ይፈለፈልና «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ስለዚህ በማግስቱ ንጋት ያመለጡት ተመልሰው የሰፈሩ እንደሆነ ዳግም ረጭታችሁ፣ ጎጆውን ከማንጠልጠያው ፍቃችሁ አውርዱ። ለዚህ የእንጅባራን ቀርከሃ የሚያህል የለም፦ ቀላል፣ ረጅም፣ ጫፉም ተሰንጥቆ እንደ ምላጭ ይሳላል። የተለጠፈበትን ቦታ በሳሙና ጨርቅ ፍትግ አድርጉት። የወረደውን ጎጆ ለዶሮ መስጠት ይቻላል፤ እየበታተነች ትሉን አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። ይህ ግን በሳሙና ለተሠራ ጎጆ ብቻ ነው። መርዝ የነካው ይቀበራል።

ውጤቱ ከ10፣ 9። የቀነስንበት አንድ ነጥብ ከ4 ሜትር በላይ ስለማይደርስና ግድግዳ ውስጥ ለገባ ጎጆ ስለማይረዳ ነው። ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ላለ ጎጆም ፈጽሞ አይሆንም፤ ውኃና መብራት ናቸው። እሱን ለመብራት ኃይል ሠራተኛ መንገር ነው።

ፍሊቱ ይከተላል። በየሱቁ ያለው፣ የዝንብና የበረሮ ሥዕል ያለበት ቆርቆሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፓይሬትሮይድ ከሚባለው የኬሚካል ቤተሰብ ነው፤ የነፍሳትን ነርቭ ይመታል። ይገድላል፣ አይካድም። ችግሩ በሚገድልበት መንገድ ነው። የተነካው ተርብ ወዲያው አይወድቅም፤ ለጥቂት ጊዜ አብዶ ይበራል፣ ያን ጊዜ ነው የሚነድፈው። ሁለተኛ፣ የሚወጣው ጉም ስለሆነ ርቆ አይሄድም፤ 3 ሜትር ላይ ላለ ጎጆ መሰላል ያስወጣል፣ መሰላል ላይ ቆሞ ተርብ ማስነሣት ደግሞ ከመነደፉ ይልቅ መውደቁ የሚያስፈራ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ጉሙን የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ ማድቤት ውስጥ ምጣድ ተጥዶ፣ ወይም ኩራዝ በርቶ አይረጭም። እንጀራውና ሊጡ ይሸፈን የሚለውን ሁሉም ያውቃል፣ የሚረሳው የውኃ እንስራው ነው። ጥሩ ጎኑ ቅሪቱ ነው፦ ጎጆው ከወረደ በኋላ ማገሩ ላይ አንዴ ቢረጩት ተመልሰው እንዳይጀምሩ ለጊዜው ያግዛል። እኛ ለዚህ ብቻ እንመክረዋለን። ከ10፣ 6።

የእርሻ ኬሚካል ለቤት አይሁን። ለጎመንና ለቲማቲም ተባይ የሚሸጠውን ፈሳሽ በጀርባ መርጫ ይዞ ክፍክፍ ላይ መርጨት ሲታይ ኃይለኛ ይመስላል፤ ይገድላልም። ግን መጠኑ የተሰላው ለማሳ እንጂ ልጆች ለሚጫወቱበት በረንዳ አይደለም፣ ከላይ የተረጨውም ተመልሶ በረጪው ፊት ላይ ይወርዳል። ከፋብሪካው ጣሳ ተቀንሶ በሃይላንድ የሚሸጠው ደግሞ ምን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። የፀረ-ተባይ አዋጁ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ገዢም ጽሑፍ የሌለውን ጠርሙስ መመለስ አለበት። ጎጃም የማር አገር መሆኑንም አትርሱ። ንብ እነዚህን ኬሚካሎች አትችልም፣ የጎረቤት ቀፎ ባለበት ግቢ መርጨት የጎረቤትን ጠጅ መድፋት ነው። ዓሣም እንዲሁ ነው፤ መርጫውን ጣና ዳር ወይም ወንዝ ውስጥ ማጠብ ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው። ከ10፣ 2።

ዱቄቱ ከሁሉ ይለያል፤ በቦታው ዋጋ አለው። ተርቡ በምርጊት ግድግዳ ስንጥቅ ወይም በኮርኒስ ቀዳዳ እየገባ ከሆነ ጎጆው አይታይም፣ ሳሙናም አይደርስበትም። ለበረሮና ለጉንዳን ተብሎ ለቤት የሚሸጥ የፓይሬትሮይድ ዱቄት በደረቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶ ያህል ሞልቶ፣ ክዳኑን በምስማር በስቶ፣ ማታ ጠርሙሱን በእጅ ጨመቅ እያደረጉ መግቢያው ላይ ሦስት አራት ጊዜ መንፋት ነው። ተርቦቹ በእግራቸው ተሸክመው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ጠርሙሱ እርጥብ ከሆነ ዱቄቱ ይጋግራል፤ ከሞላም አየር ስለማይኖረው አይወጣም። ትልቁ ስሕተት ግን ቀዳዳውን በዚያው ምሽት በጭቃ መምረግ ነው። መውጫ ያጡት ሌላ መንገድ ፈልገው ወደ መኝታ ቤት ይገባሉ። ለ3 ቀን ምንም ሲገባና ሲወጣ ካልታየ ያን ጊዜ ምረጉት። ለተንጠለጠለ ጎጆ ዱቄት አይረባም፤ ረግፎ ራስ ላይ ይወርዳል። ከ10፣ ለግድግዳ 8፣ ለክፍክፍ 1።

ጭስን በተመለከተ አንድ የቆየ ስሕተት አለ። ንብ አናቢው ኩበት አጭሶ ቀፎ ሲከፍት ንቦቹ ጸጥ ስለሚሉ ለተርብም ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። ንብ ጭስ ሲሸታት እሳት የመጣ መስሏት ማሯን ልትሸከም ትጎርሳለች፤ ሆዷ የሞላ ንብ አትከፋም። ተርብ የሚያከማቸው ማር የለውም፣ የሚጎርሰውም የለም። ጭሱ ሲበዛ ይነሣል፣ ሲጠፋ ይመለሳል። ችቦው ተርቡን ይፈጃል፣ ግን ክፍክፉ ሣር ከሆነ ቤቱንም፤ ቆርቆሮ ቢሆንም ማገሩ የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። ነጥብ አንሰጠውም።

ጣፋጭ ነገር ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ የሚሰቀል ወጥመድም አለ። የሚይዘው ለምግብ የወጣውን ጥቂት ተርብ ነው፤ ጎጆው ይቀጥላል። ቀፎ ባለበት ሰፈር ደግሞ ከተርቡ ይልቅ ንብ ይሞላበታል።

ተከፍሎት የሚመጣ ሰው ሲባል ሁለት ዓይነት ነው፦ የቀን ሠራተኛና የተባይ ማጥፋት አገልግሎት። ሁለቱንም ከመቅጠር በፊት ምን ትረጫለህ፣ ጣሳውን አሳየኝ፣ ጎጆውን ታወርደዋለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ዋጋ ያለው ነው፤ ብዙዎች ረጭተው ሒሳብ ተቀብለው ይሄዳሉ፣ ጎጆው እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል፣ የተዘጉት ክፍሎች በሳምንቱ ይከፈታሉ። ግማሹን ክፍያ ጎጆው እጃችሁ ከገባ በኋላ ብታደርጉት ይሻላል። ከ4 ሜትር በላይ ለሆነ ጎጆና ከዚህ በፊት ተነድፎ ሰውነቱ ላበጠ፣ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ገንዘቡ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው መርጫውን ራሱ አይያዝ። የተነደፈ ሰው ፊቱ፣ ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው ካበጠ፣ ሽፍታ ገላውን ከወረረው፣ ካዞረው፣ ነጭ ሽንኩርት መቀባት ላይ ጊዜ ሳይጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ሁሉም ጎጆ መፍረስም የለበትም። ሰው በማያልፍበት የጓሮ ጥግ ያለ ተርብ ጎመን ላይ ያለውን አባጨጓሬ እየለቀመ ለልጆቹ ያኝካል፤ ከጎመን መድኃኒት የረከሰ አገልግሎት ነው። ግድግዳ ላይ ጭቃ ለጥፎ የሚሠራው ተርብ ደግሞ ብቸኛ ነው፣ ቤቱን አይጠብቅም፣ ካልያዙት አይወጋም። ጭቃውን ብትፈልጡት የምታገኙት የደነዘዘ ሸረሪት ነው፤ ለእሱ መፋቂያ እንጂ መርጫ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

መሬት ላይ ያለ ቀዳዳ ከሆነና ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ሳይነድፉ ሲገቡና ሲወጡ ካያችሁ ልታፈሱበት ያነሣችሁትን ላምባ መልሱት። ተርብ አይደለም፣ ጣዝማ ነው። ማሩን ለይቶ የሚያወጣ ቆፋሪ ፈልጉ።